አሸዋ ላይ የተለካው ጠረጴዛ

አናጢ ነበረ፣ አንድ ሰው። የደጋ ሰው ነው፤ ሐይቅ ያየው ጢም ካበቀለ በኋላ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ አልጋና ቁም ሣጥን፣ በርና መስኮት ሲሠራ ኖሮ የሚስቱ አገር ወደሆነው ሐይቅ ዳር ወረደና እዚያ ሥራ ጀመረ። እጁ የተባረከ ነበር። ይህን አስቀድሜ የምነግርህ በኋላ ሲሳሳት «ድሮስ ምን ያውቅ ነበር» እንዳትል ነው።

ቆይ፣ ይበልጣል፤ ጥያቄህን አልዘነጋሁትም። የነፍስ አባትህ ነኝና «አባ፣ በሰው ፊት የማልኩትን መሐላ እንዴት አፈርሳለሁ?» ብለህ ጠይቀኸኛል። እናትህ የተቀበረች ዕለት ወንድምህ አንሙት አፈር ከለበሰች በኋላ ደረሰ። አንተም ድንኳኑ ውስጥ ተነሥተህ፣ ለቀስተኛው ሁሉ እየሰማ፣ ከእንግዲህ ቆሜ አይየኝ፣ ሞቼም አይቅበረኝ ብለህ ማልክ። አሁን አርባዋ የፊታችን እሑድ ነው። ልብህ ወዲህና ወዲያ ይልብሃል፤ ነገር ግን ቃሌን ባጥፍ ሰው ምን ይለኛል ብለህ ትፈራለህ። መልሱን እነግርሃለሁ። የአናጢውን ነገር ሳትሰማ ግን አትሄድምና እዚያ ግንድ ላይ ተቀመጥ፤ በዱላህ መሬት መቆርቆሩንም ተው።

በዚያው ሐይቅ ዳር አንድ ባለጸጋ ነበር፤ ትልቅ ጀልባ ነበረው። ሴት ልጁን ከሐይቁ ማዶ ላለ ሰው ሊድር ቀን ቆርጧል። ማዶ ለመድረስ ግማሽ ቀን ያስቀዝፋል። ሙሽሪትን የሚያደርሱ ሽማግሌዎችና ሚዜዎች ምሳቸውን የሚበሉት ሐይቁ ላይ ነው፤ አባትየው ደግሞ ልጁ በሠርጓ ቀን ሳህኗን ጉልበቷ ላይ አድርጋ እንድትበላ አልወደደም። ስለዚህ ለጀልባዋ የሚሆን ጠረጴዛ እንዲሠራለት አናጢውን ጠራው። ለጀልባ የተሠራ ጠረጴዛ በዚያ አገር ታይቶ አይታወቅም ነበር። የሐይቁ ሰዎች፣ ይህ የደጋ ሰው ምን ሊያመጣ ነው እያሉ በየቀኑ ይመለከቱ ጀመር።

አናጢው ሥራውን ባማረ መንገድ ጀመረ። ዓመት ሙሉ ጥላ ውስጥ የደረቀ የዋንዛ ሳንቃ መረጠ። የጀልባዋ ጎን ቀጥ ያለ ስላልሆነ ካርቶን አስጠግቶ፣ ጉብጠቷን በእርሳስ ገልብጦ፣ የጠረጴዛውን አንድ ጠርዝ በዚያ ልክ ቆረጠው፤ ቢያስጠጉት ቢላዋ የማያስገባ ሆነ። ማዕዘኖቹን ክብ አደረጋቸው፤ ማዕበል መጥቶ ሰው ቢወድቅበት እንዳይወጋው ነው። ዙሪያውን አንድ ጣት ከፍ ያለ ክፈፍ ሠራለት፤ ብርጭቆው ተንሸራቶ እንዳይወድቅ ነው። ከዚያ በሻካራው ብርጭቆ ወረቀት አሸው፣ በለስላሳው ደገመው። ቫርኒሹን ሦስት ጊዜ ቀባው፤ አንዱ ሳይደርቅ ሌላውን አልደረበም። ማንም የማያየውን ከስሩ ያለውን ፊት እንኳ ቀባው፤ እርጥበት የሚገባው ከስር ነውና። እኔ እንዲህ የሚሠራ ሰው እወዳለሁ፤ ለዚህም ነው የእሱ ስሕተት የሚያሳዝነኝ።

የቀሩት እግሮቹ ነበሩ። ጀልባዋ በዚያ ሰሞን ስንጥቋን በቅጥራን ሊደፍኑላት ከውሃ ወጥታ አሸዋ ላይ ነበረች። ጀልባ ሆዷ ክብ ስለሆነ መሬት ላይ ቀጥ ብላ አትቆምም። በግራ ጎኗ ትንሽ ጋደል ብላ፣ በድንጋይ ተደግፋ ተኝታለች። አናጢው ወጣባት፤ ውሃ ልኩንም ወለሏ ላይ አስቀመጠ። ውስጡ ያለችው አረፋ ወደ ቀኝ ሸሸች። እሱም ወለሉ በግራ በኩል ጎድሏል አለ።

ይህን የሚለው የቤት አናጢ ብቻ ነው። የቤት ወለል መቼም ልክ ሆኖ አያውቅም፤ አንዱ ጥግ ይጎደጉዳል፣ አንዱ ያብጣል። የቤት አናጢ ወለሉን አያምንም፤ የሚያምነው ውሃ ልኩን ነው። በጎደለው በኩል እግሩን ያስረዝማል፣ በሞላው በኩል ያሳጥራል፤ ጠረጴዛውም ቀጥ ይላል። ሃያ ዓመት እንዲህ ሲያደርግ አንድም ቀን አላፈረም። አሁንም እንዲሁ አደረገ። የግራዎቹን ሁለት እግሮች ከቀኞቹ በሦስት ጣት አስረዘማቸው።

የጀልባዋ መሪ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ሲያልፉ አዩትና ቆሙ።

«ጌታው፣ እግሩን አሁን አትቁረጥ። ጀልባዋ ውሃ ላይ ትውረድ፤ ያን ጊዜ ትለካዋለህ።»

«አያ፣ ውሃ ልክ አይዋሽም» አለ አናጢው።

ሽማግሌው ትከሻቸውን ነቅንቀው ሄዱ። ሰው ያልጠየቀውን ምክር ሁለት ጊዜ የማይደግሙ ዓይነት ነበሩ፤ እኔ ብሆን እጮህ ነበር። አናጢው ግን ነገሩ ከነከነውና በማግሥቱ፣ ባለጸጋውና ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስበው ጠረጴዛው በብሎን ከወለሉ ጋር ሲታሰር፣ ውሃ ልኩን በላዩ ላይ አስቀመጠው። አረፋዋ መካከል ላይ ቀጥ አለች። ሰው ሁሉ አደነቀ። አድናቆት ደግሞ ከጠጅ ይልቅ ያሰክራል። አናጢው እንጨት የሚልግበትን ፒያላውን ወደ ላይ አነሣና ድምፁን ከፍ አድርጎ ተናገረ።

«ይህ ጠረጴዛ ሐይቁ ላይ ቅንጣት ቢዛነፍ፣ ይህን ፒያላ ውሃ ውስጥ እጥለዋለሁ፤ ዳግመኛም እንጨት አልነካም።»

ማን ማል አለው? ማንም። አንተንስ ማን አለህ? ዝም በል፣ ገና አልጨረስኩም።

የሠርጉ ዋዜማ ጀልባዋን ገፍተው ውሃ ላይ አወረዷት። ሰዎቹ ወደ ድግሱ ሲበተኑ አናጢው ብቻውን ወጣባት፤ ሥራውን በውሃ ላይ ሊያይ ጓጉቶ ነበር። ውሃ ልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። አረፋዋ ወደ ግራ ሄዳ ተለጠፈች። አንሥቶ አራገፈውና መልሶ አስቀመጠው። ያው ነው። ጀልባዋ ውሃው ላይ እንደ ተፈጠረችበት ቀጥ ብላ ስትቆም፣ በግራ በኩል ያስረዘማቸው እግሮች ጠረጴዛውን ወደ ቀኝ አዘንብለውት ነበር።

ሽማግሌው ምን እንዳሉት ያን ጊዜ ገባው። መጋዙ እጁ ላይ ነበር፤ ሁለት እግር ሦስት ጣት ለማሳጠር ከሰዓት ያነሰ ጊዜ ይበቃው ነበር። ነገር ግን ብሎኑን ሲፈታ ሰው ቢያየኝስ፣ ያ ሁሉ ሰው ሲያደንቀኝ የተናገርኩት ቃልስ ብሎ አሰበ። ለሐይቁ አገር እንግዳ ነው፤ የመጀመሪያ ትልቅ ሥራው ነው። ዛሬ ከተሳቀበት ከእንግዲህ ወዲያ ማን እንጨት ይሰጠዋል?

እንግዲህ ያደረገውን ስማ። ከዳር ድንጋይ ለቀመ። የወለሉን ሳንቃ አነሣና በግራ በኩል ከስሩ ደረደረው። አንዱን ጨመረ፣ ውሃ ልኩን አየ፤ ሌላ ጨመረ፣ እንደገና አየ። አሥራ አራተኛው ድንጋይ ሲገባ ጀልባዋ በግራ ጎኗ ጋደል አለች፤ አረፋዋም መካከል ላይ ቆመች። ጠረጴዛው ቀና። ጀልባዋ ግን ሐይቅ ላይ ሆና አሸዋ ላይ እንደ ነበረችው ተኛች። አናጢው ሳንቃውን መለሰና ወደ ቤቱ ሄደ፤ ሚስቱ እንዴት ሆነ ብትለው ልክ ነው አላት።

ትስቃለህ፤ ሳቅ። ለአንድ ጠረጴዛ ብሎ ጀልባ የሚያጣምም ሞኝ ነው ትላለህ።

በማግሥቱ ሙሽሪት በእልልታ ተሳፈረች። አናጢውንም፣ የመሣሪያ ከረጢቱ ከትከሻው ሳይወርድ፣ ባለጸጋው እጁን ይዞ ከሽማግሌዎቹ ጋር አስቀመጠው። ምሳ ተሰናዳ፤ ጠረጴዛው ላይ አንድም ጠብታ አልፈሰሰም። ሰው ሁሉ እጁን አመሰገነለት። የእሱ ዓይን ግን ከጀልባዋ የግራ ጠርዝ ላይ አልነቀል አለ፤ ውሃው ከዚያ ጠርዝ አንድ ስንዝር ብቻ ነበር የቀረው።

ሐይቁ መካከል ሲደርሱ ከቀኝ በኩል ነፋስ ተነሣ። የሚያስፈራ ነፋስ አልነበረም፤ ያች ጀልባ በዘመኗ ስንት እንዲህ ያለውን ንቃ አልፋለች። አሁን ግን ድሮውኑ ተጋድማለችና ነፋሱ ጥቂት ሲገፋት ውሃው በግራ ጠርዟ ገባ። የሙሽሪት ቀሚስ እስከ ጉልበቷ ራሰ። ሽማግሌው መሪ ሰዎችን ወደ ቀኝ አስቀመጡ፤ ትንሽ ቀና አለች፤ ሞገዱ ሲመታት ግን ተመልሳ ተጋደመች። ቀዛፊዎቹ ቅጥራኑ ለቅቆ ይሆናል አሉ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይህ ሠርግ ባይሆን ይሻላል፣ ምልክቱ መልካም አይደለም አለ። ቃሉ ከአንዱ ወደ አንዱ ዞረ። ባለጸጋው ፊቱ ተለወጠ፤ ጀልባዋ ትመለስ ሊል አፉን ከፈተ።

አናጢው ሙሽሪትን አያት። የረጠበ ቀሚሷን ጨብጣ ታለቅሳለች፤ ክፉውን ዕድል እሷ ያመጣችው ይመስል ሁሉም ያያታል። አናጢው እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የፈራው የሰው ሳቅ ብቻ ነበር። ያን ጊዜ ግን ከመሳቂያነት የሚብስ ነገር እንዳለ አየ።

ተነሣ። የእግራቸውን ስር ሳንቃ ፈነቀለና የመጀመሪያውን ድንጋይ አውጥቶ ሐይቁ ውስጥ ጣለው። ሁለተኛውን ጣለው። ሰዎቹ አብዷል ብለው ሊይዙት ተነሡ፤ ሽማግሌው መሪ ግን እጃቸውን ዘርግተው አስቆሟቸው። አሥራ አራተኛው ድንጋይ ሲወድቅ ጀልባዋ በረዥሙ እንደ ተነፈሰች ሆና ቀና አለች፤ የሚገባው ውሃ ቆመ። በዚያው ቅጽበት ጠረጴዛው ወደ ቀኝ ዘነበለና ብርጭቆውና ሳህኑ ሁሉ ተንሸራቶ ክፈፉ ላይ ተከመረ።

«ጀልባዋም ሙሽሪትም አንዳች ነውር የለባቸውም» አለ አናጢው። «አሸዋ ላይ ተጋድማ ሳለች የለካሁት እኔ ነኝ። ልኬ እንዳይፈርስብኝ ብዬ ድንጋዩን የጫንኩትም እኔ ነኝ።»

ብሎኑን ፈታ። ጠረጴዛውን ገልብጦ፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ በሐይቁ መካከል፣ ያን ሦስት ጊዜ ቫርኒሽ የጠጣ እግር በመጋዝ ቆረጠው። መጀመሪያ አንዱን፣ ቀጥሎ ሁለተኛውን። መልሶ ሲያቆመው ሽማግሌው መሪ ሳህን አንሥተው ከሐይቁ ውሃ ቀዱና መካከሉ ላይ አስቀመጡለት። ውሃው በሳህኑ ዙሪያ እኩል ሆነ። ሙሽሪት ጎንበስ ብላ አየችውና ሳቀች፤ ቀዛፊዎቹም መቅዘፊያቸውን አነሡ።

ከሚዜዎቹ አንዱ፣ መቼም በየሠርጉ እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም፣ ፒያላውስ ብሎ ጮኸ። ውሃ ውስጥ እጥላለሁ ብለህ ምለህ አልነበር ወይ አለው። አናጢውም የማለውን አልካደም፤ ፒያላውን ከከረጢቱ አውጥቶ ወደ ጀልባዋ ጠርዝ ሄደ። ሽማግሌው መሪ ክንዱን ያዙት።

«አሥራ አራት ድንጋይ ጥለሃል፤ ለሐይቁ ይበቃዋል። ፒያላህን አስቀምጥና የኔን መቅዘፊያ ላግልኝ፣ እጄን እየላጠኝ ነው።»

ሠርጉ ሆነ። አናጢውም በዚያ ሐይቅ ዙሪያ ሥራ አጥቶ አያውቅም። የጀልባ ዕቃ የሚያሠራ ሁሉ እሱን ይፈልግ ነበር፤ በሰው ፊት እግር የቆረጠ አናጢ ሁለተኛ አሸዋ ላይ እንደማይለካ ያውቃሉ። እነዚያን ሦስት ሦስት ጣት የሚሆኑ ሁለት ቁራጮች ቤቱ መስኮት ላይ አስቀምጧቸው ነበር ይባላል። ቫርኒሻቸው እስከ መጨረሻው አልለቀቀም።

እንግዲህ ይበልጣል፣ አሁን ወደ አንተ ልመለስ።

የማልክ ዕለት ያየኸው ነገር ሐሰት ነበር አልልህም። አንሙት ዘግይቷል፤ ዘግይቷል። የአናጢውም ውሃ ልክ አልዋሸም፤ ስለዚያ አሸዋና ስለዚያች ሰዓት እውነቱን ተናግሯል። ነገር ግን እናትህን ከቀበርክ ገና ሦስት ሰዓት አልሞላህም ነበር። ቤትህ ከውሃ የወጣች ጀልባ ነበረች፤ በጎኗ ተኝታ፣ በድንጋይ ተደግፋ። በዚያ ላይ ቆመህ ለዕድሜ ልክ የሚሆን እግር ቆረጥክ። ለምን ዘገየህ ብለህ እንኳ አልጠየቅከውም። እኔም አልጠየቅሁትም፤ ስለዚህ ምክንያቱን አላውቅም።

ይህ ስሕተት ነው፤ ስሕተት ግን ለሰው ነው። እኔን ያስፈራኝ ድንጋዩ ነው። ባለፈው ሳምንት ሚስትህ የአንሙትን ሚስት ገበያ ላይ አይታ መንገድ እንድትቀይር አዘሃታል፤ ራሷ እያለቀሰች ነግራኛለች። ልጆችህ አጎታቸውን ሲያዩ ፊታቸውን እንዲያዞሩ ተነግሯቸዋል። ከአንሙት ማሳ ጋር የሚያዋስንህን በር በእሾህ ዘግተሃል፤ አሁን በሬህን ውሃ ለማጠጣት አንተው ራስህ ኮረብታውን ትዞራለህ። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢለው በራሷ አሳጠረች አለ እንደሚባለው ነው። አንድ ቃል ቀጥ ብሎ እንዲቆም ብለህ ሚስትህን፣ ልጆችህን፣ በሬህን በአንድ ጎን ጭነህ ቤትህን አጋድመሃታል። ቃሌ ቆሟል ትላለህ፤ አዎ፣ ቆሟል። ውሃው ግን በጠርዙ እየገባ ነው፤ ትንሽ ነፋስ ነው የቀረው።

ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፣ ወንድ ልጅ በቃሉ ነው ትለኛለህ። በሌላ ነገር ቢሆን እኔም እንዲሁ እልሃለሁ። በሐዘን ሰዓት የወጣውን ግን ሰው ሁሉ ሰምቶሃልና በሰው ሁሉ ፊት ቁረጠው። ስለ መሐላው የሚገባህን ንስሐ እኔ እሰጥሃለሁ፤ ቀላል አይሆንም፣ አትሳሳት፤ እኔ እንደዚያ ሽማግሌ ለስላሳ አይደለሁም። የሚስቅም አይጠፋም። ሳቁ የሚቆየው እስከ ሰኞ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልንገርህ፤ ከዚያ ትሄዳለህ። ሐሙስ ዕለት አንሙት እዚህ አንተ የተቀመጥክበት ግንድ ላይ ተቀምጦ ነበር። እሱም ጥያቄ ነበረው። ለእናቴ አርባ ልምጣ ወይስ ከአጥሩ ውጭ ቆሜ ላልቅስ አለኝ። ለእሱ ምሳሌ አልነገርኩትም፤ እሱ አናጢው አይደለም፣ ተሳፋሪው ነው። መልስህን እስከ ቅዳሜ አሰማሃለሁ ብዬ ሰደድኩት።

ዛሬ ቅዳሜ ነው። በእሾህ በዘጋኸው በር ብትሄድ ቤቱ ቅርብ ነው። መልሱን አንተ አድርስለት።